የሚስተር ቫርኪ ጠመኔ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ክረምት ሆነኝ፤
የመጣ እንግዳ ሁሉ ጅሬን ላይ ነው የሚያገኘኝ።
"በዚህ ግቡ" እላለሁ፣ "ሰገነቱን አትደገፉ፤
ምስጥ በልቶታል እንጨቱን፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ።
እዚህ ችሎት ነበር፤ መስጊዱ ከዚያ ማዶ፤"
አፌ ይቀጥላል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ።

ዛሬ ከባጃጅ አንዲት ሴት ወረደች፤
ሳሪ አልነበረም፤ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤
ማን እንደነገራት እንጃ፣ የሐምሌን ብርድ ታውቃለች።
"ከኬረላ ነኝ" ስትል ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ፤
"አልያማ እባላለሁ። አባቴ እዚህ የሒሳብ አስተማሪ ነበረ።
ቫርኪ።"

ቫርኪ!
ሰባተኛ ለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
ድምፁ አልሰማን ብሎ ክፍሉ በሙሉ ሲያፈጥ፣
ስሌቱን ይተወዋል። ጠመኔውን ያነሣና
አገሩን ይስላል፣ ከላይ ወደ ታች ያወርድና፤
እንደ ላም ግት ባሕር ላይ የተንጠለጠለች ህንድ።
ከዚያ እንሄዳለን፤ ያለ ባቡር፣ ያለ መንገድ።

"ጫማ አውልቁ፤ ቅዱስ ቦታ ነው" ይለናል፤
ግማሻችን እውነት መስሎን ኮንጎ ጫማችንን አውልቀናል።
"ይህ ጋንጋ ነው፤ ደረጃው እስከ ውኃው ይወርዳል፤
በአንድ ወገን ሬሳ ሲነድ በሌላው ሕፃን ይታጠባል።"
በመስኮቱ አሻግረን አዌቱን እናያለን፤
ጎርፉ ቅጠል ይዞ ሲያልፍ "እሱ ነው" እንባባላለን።

ማክሰኞ ሳንቺ ነን። የድንጋይ ጉልላት፣ የድንጋይ አጥር፤
"በቀኝ ዙሩ" ይለናል፤ ዴስኩን ዞርን በሰልፍ ቀጥ ብለን፣ እንደ ወታደር፤
ተማም ብቻ በግራ ዞሮ ኩርኩም ቀመሰ፤
እስከ ዛሬ ይስቃል፣ ይህን ባስታወሰ።

ሐሙስ አጅሜር። የሼኩ መቃብር፣ የጽጌረዳ ክምር፣
ሰው ተንጠራርቶ የሚያየው፣ የሩዝ ድስቱ ዳር።
ያን ማታ እናቴን "እዚያ ድረስ ለዝያራ ይኬዳል?" አልኳት፤
"መጀመሪያ ሒሳቡን እለፍ" አለችኝ፣ ሳቋ አምልጧት።

ይህን ሁሉ ለአልያማ ነገርኳት።
ቤተ መንግሥቱን ረስቼ፣ ጣቴ ጋንጋን ሲያሳያት
መስኮቱ ጋ ቆመች። ብዙ ቆየች ሳትናገር።
"አባቴ" አለች፣ "እነዚህን አንዱንም አይቶ አያውቅም ነበር።
የባቡር ገንዘብ ከየት? ከመንደሩ እስከ ወደብ፣
ከወደቡ እስከ ጅማ፤ ያየው ዓለም ይኸው ነው፣ በደንብ።
የግድግዳ ካላንደር ነበረው፣ ከሻይ ነጋዴ ያገኘው፤
በየወሩ አንድ መቅደስ። ሻንጣው ውስጥ ይዞት የመጣው እሱን ነው።"

ምን ልበላት?
እኔስ "እዚህ ችሎት ነበር" የምለው አይቼ ነው?
አንዱ ነገረኝ፤ ለሱም የነገረው ሌላ ሰው።

"አገራችን ገብቶ" አለች፣ "ዝናቡ ከቤት ሲያግተን፣
በጠመኔ ወለሉ ላይ ጅሬንን ያስጎበኘን ነበር፣ ሦስታችንን፤
ጫማ አስወልቆ። ይህን ደረጃ አውቀዋለሁ፤
ሦስተኛው ይጮኻል። ቆይ፣ ልርገጠው፤ ልስማው።"

የሚጮኸው አራተኛው ነው። እኔ አውቃለሁ፤
ስምንት ዓመት በየቀኑ ረግጬዋለሁ።
ግን ቀደምኋት። ሦስተኛው ላይ ወጥቼ
በሙሉ ክብደቴ ቆምኩ፣ ትንፋሼን ገትቼ።

ዝም።

"ጠግነውት ይሆናል" አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።
ከታች ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ። እሷ ጫማዋን አውልቃ ቆማለች፣ ሁለተኛው ላይ።